ባለ ሁለት ክር አር.ኤን.ኤ.፣ አሠራሩና ባሕርዩ፤ የስሜንን በቅሎ ከሚያጠቃው ቫይረስ አንጻር

መግቢያ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል፤ ሁለተኛው በቡይት ራስ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ይገባል። በሁለቱም አቅጣጫ መኪና በማይደርስበት ቦታ እህሉን ወደ ገበያ፣ ጨውን ወደ ቤት፣ የጎብኚውንም ድንኳንና ስንቅ ወደ ሰፈሩ የሚያደርሰው የጋማ ከብት ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ለገደሉ መንገድ የምትታመነው በቅሎ ናት። በቅሎ ደግሞ አትወልድም። አንዲት በቅሎ በሞተች ጊዜ ምትክዋ የሚገኘው ባዝራ ከወንድ አህያ ፀንሳ፣ ወልዳ፣ ግልገሏም አድጋ ለጭነት ስትደርስ ነው። ስለዚህ የበቅሎ ሞት ለባለቤቱ የአንድ ወቅት ሳይሆን የብዙ ዓመት ጉዳት ነው።

የጋማ ከብትን ከሚፈጁት ክፉ በሽታዎች አንዱ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። በዚህ በሽታ ከታመሙት ፈረሶች ከመቶ 70 እስከ 95 ሊሞቱ ይችላሉ፤ ከበቅሎዎች ግማሽ ያህሉ፣ ከአህዮች ግን ከመቶ 10 ያህሉ ይሞታሉ። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የዘር መልእክቱን የሚይዘው እንደ ሰውና እንደ ከብት በዲ.ኤን.ኤ. ሳይሆን በባለ ሁለት ክር አር.ኤን.ኤ. ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ንጥረ ነገር እንዴት እንደ ተሠራና ምን ባሕርይ እንዳለው መግለጽ፣ ባሕርዩም ለበሽታው ምርመራና ለክትባቱ ምን ትርጉም እንዳለው ማሳየት ነው። ነገሩን ከኬሚስትሪው ጀምረን ወደ ከብቱ ስንደርስ፣ ስለ አንድ በቅሎ «ተከትባለች ወይስ አልተከተበችም?» ብሎ መጠየቅ ብቻ እንደማይበቃ፣ «በየትኛው የቫይረስ ዓይነት ላይ ተከተበች?» ማለትም አስፈላጊ እንደ ሆነ ግልጽ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የክሩ አሠራር

አር.ኤን.ኤ. ረጅም ሰንሰለት ነው። የሰንሰለቱ እያንዳንዱ ቀለበት ኑክሊዮታይድ ይባላል፤ እርሱም ራይቦዝ ከሚባል ስኳር፣ ከፎስፌትና ከቤዝ የተገናኘ ነው። ስኳሩና ፎስፌቱ እየተፈራረቁ የክሩን ጀርባ ይሠራሉ። ቤዞቹ ወደ ጎን ወጥተው መልእክቱን እንደ ፊደል ይይዛሉ፤ እነርሱም አዴኒን፣ ዩራሲል፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን የሚባሉ አራት ናቸው። አዴኒን ከዩራሲል ጋር በሁለት፣ ጉዋኒን ከሳይቶሲን ጋር በሦስት የሃይድሮጂን ትስስር ይያያዛሉ።

በጤናማ ሕዋስ ውስጥ የሚገኘው አር.ኤን.ኤ. በአብዛኛው ባለ አንድ ክር ነው። እጅግ የከረረ ፈትል ሲለቀቅ በራሱ ላይ እንደሚጠቀለል ሁሉ፣ ይህም ክር እዚህና እዚያ በራሱ ላይ ታጥፎ አጫጭር ጥንዶችን ይሠራል። ሁለት የተለያዩ ክሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጣምረው ሲገኙ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ባለ ሁለት ክር አር.ኤን.ኤ. የምንለው ይህን ነው።

በ1953 ዋትሰንና ክሪክ የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ ባስታወቁ ጊዜ፣ አር.ኤን.ኤ. እንደዚሁ ሊጣመር ይችል እንደ ሆነ ገና አልታወቀም ነበር። በ1956 አሌክሳንደር ሪችና ዴቪድ ዴቪስ አዴኒን ብቻ ያለበትን ክር ዩራሲል ብቻ ካለበት ክር ጋር በፈሳሽ ውስጥ ቀላቀሉ፤ ሁለቱም ክሮች በራሳቸው ተገናኝተው ተጠመዘዙ። በ1963 ደግሞ ፒተር ጎማቶስና ኢጎር ታም ሬዮቫይረስ የሚባለው ቫይረስ የያዘው አር.ኤን.ኤ. በተፈጥሮው ባለ ሁለት ክር መሆኑን አሳዩ። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ ቀላል ነው፤ በቫይረሱ አር.ኤን.ኤ. ውስጥ የአዴኒን መጠን ከዩራሲል፣ የጉዋኒንም መጠን ከሳይቶሲን ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዱ ቤዝ ጥንድ ከሌለው እንዲህ ያለ እኩልነት በአጋጣሚ አይገኝም። የፈረስ በሽታ ቫይረስ የዚሁ የሬዮቫይረስ ዘመድ ነው።

ሁለቱ ክሮች ሲጠመዘዙ

ዲ.ኤን.ኤ.ም ባለ ሁለት ክር አር.ኤን.ኤ.ም ወደ ቀኝ የተጠመዘዘ ገመድ ይመስላሉ፤ ሆኖም ጥምዛቸው አንድ አይደለም። የልዩነቱ ምክንያት አንዲት የኦክስጅን አቶም ናት። በዲ.ኤን.ኤ. ስኳር ሁለተኛ ካርቦን ላይ ያለው ሃይድሮጂን ብቻ ሲሆን፣ በአር.ኤን.ኤ. ስኳር ላይ በዚያው ቦታ ሃይድሮክሲል፣ ማለት ኦክስጅንና ሃይድሮጂን በአንድነት ይገኛሉ። ይህ ተጨማሪ አካል ቦታ ስለሚያጣብብ የስኳሩ ቀለበት በሌላ አኳኋን እንዲታጠፍ ያስገድደዋል፤ የእያንዳንዱም ስኳር መታጠፍ ተደምሮ የገመዱን ሁሉ ቅርጽ ይለውጣል።

ከዚህ የተነሣ ባለ ሁለት ክር አር.ኤን.ኤ. «ኤ» የተባለውን ቅርጽ ይይዛል፤ ዲ.ኤን.ኤ. ግን በተለመደው ርጥበት «ቢ» የተባለውን ይዞ ይገኛል። በ«ኤ» ቅርጽ አንድ ሙሉ ዙር 11 ያህል የቤዝ ጥንዶች አሉት፤ ከአንዱ ጥንድ እስከ ሚቀጥለው ያለው ርቀት 0.28 ናኖሜትር ያህል ነው። በ«ቢ» ቅርጽ ግን በአንድ ዙር 10 ወይም 10.5 ጥንዶች ሲኖሩ ርቀቱ 0.34 ናኖሜትር ነው። እንግዲህ አር.ኤን.ኤ.ው አጠር፣ ወፈርና ጠንከር ያለ ገመድ ነው ማለት ነው። ቤዞቹም ለገመዱ ቀጥ ብለው እንደ ደረጃ አይቀመጡም፤ ዘንበል ብለው ይገኛሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት በገመዱ ላይ የሚታዩት ሁለቱ ቦዮች ናቸው። በዲ.ኤን.ኤ. ትልቁ ቦይ ሰፊ ስለ ሆነ ፕሮቲኖች ወደ ውስጥ ገብተው የቤዞቹን ቅደም ተከተል ያነባሉ። በባለ ሁለት ክር አር.ኤን.ኤ. ግን ይኸው ቦይ እጅግ ጠባብና ጥልቅ ስለ ሆነ የፕሮቲን ጣት አይገባበትም፤ ሌላው ቦይ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፣ የሚነበብበትም ፊደል ጥቂት ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት ክር አር.ኤን.ኤ.ን የሚይዙ ፕሮቲኖች አብዛኛውን ጊዜ መልእክቱን አያነቡም፤ የሚያውቁት በቅርጹ ነው። ይህ ነጥብ ከዚህ በታች ስለ ሕዋስ መከላከያ ስንናገር ይጠቅመናል።

በላቦራቶሪ የሚታይ ባሕርይ

አንደኛ፣ ሙቀትን ይቋቋማል። ባለ ሁለት ክር አር.ኤን.ኤ. ቀስ በቀስ ሲሞቅ እስከ ተወሰነ ደረጃ ድረስ አይለወጥም፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ዲግሪዎች ልዩነት ውስጥ በድንገት ይለያያል። ሁለቱ ክሮች ሲለያዩ በ260 ናኖሜትር የአልትራ ቫዮሌት ብርሃን የመምጠጥ ኃይሉ በግልጽ ይጨምራል፤ ተመራማሪው መለያየቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ካለው ዲ.ኤን.ኤ. ጋር ሲወዳደር፣ አር.ኤን.ኤ.ው የሚለያይበት ሙቀት ከፍ ያለ ነው።

ሁለተኛ፣ ጨው በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ከቆራጭ ኤንዛይም ይድናል። ራይቦኑክሊኤዝ «ኤ» የተባለው ኤንዛይም ባለ አንድ ክር አር.ኤን.ኤ.ን ወዲያው ይበጣጥሳል፤ ጨው በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ግን ባለ ሁለት ክሩን አይነካም። ጨው ሲቀንስ የፎስፌቶቹ አሉታዊ ሙላት እርስ በርሱ ስለሚገፋፋ ክሮቹ ይላላሉ፤ ያን ጊዜ ኤንዛይሙ መግቢያ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ በአልኮል ውስጥ ሴሉሎስን ይይዛል። በ1966 ፍራንክሊን የተባለ ተመራማሪ ኤታኖል ጥቂት በተቀላቀለበት ፈሳሽ ውስጥ ባለ ሁለት ክር አር.ኤን.ኤ. በሴሉሎስ ላይ እንደሚጣበቅ፣ ኤታኖሉ ሲወገድም እንደሚለቅ አሳየ። በዚህ ቀላል ዘዴ የእፅዋት በሽታ አጥኚዎች ከታመመ ቅጠል ውስጥ የቫይረስን አር.ኤን.ኤ. ለይተው ያወጡበታል።

አራተኛው ለመርማሪው ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ዛሬ የፈረስ በሽታ ቫይረስ የሚመረመረው አር.ኤን.ኤ.ውን ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ገልብጦ በፒ.ሲ.አር. በማባዛት ነው። ለመገልበጥ አጭር መነሻ ክር ከቫይረሱ ክር ጋር መያያዝ አለበት፤ ነገር ግን ሁለቱ ክሮች ተጣብቀው ሳሉ መነሻው የሚያርፍበት ቦታ የለም። ስለዚህ አስቀድሞ ናሙናውን 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል አሙቆ ወዲያው ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ፣ ቫይረስ ሞልቶበት የነበረ ደም «ቫይረስ የለበትም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

ሕዋስ ስለምን ይሸበራል?

ረጅም ባለ ሁለት ክር አር.ኤን.ኤ. በጤናማ ሕዋስ ፈሳሽ ውስጥ እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሲገኝ የጠላት ምልክት ሆኖ ይቈጠራል። በ1957 አይዛክስና ሊንደንማን ቫይረስን የሚከላከለውን ኢንተርፌሮንን አገኙ፤ በ1967 ደግሞ የሞሪስ ሂልማን ባልደረቦች ባለ ሁለት ክር አር.ኤን.ኤ. ኢንተርፌሮንን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋነኛው መሆኑን አሳዩ።

ዛሬ ጠባቂዎቹ በስማቸው ይታወቃሉ። ቲ.ኤል.አር. 3፣ ሪግ-አይና ኤም.ዲ.ኤ. 5 የተባሉት ፕሮቲኖች ኢንተርፌሮን እንዲመረት ያውጃሉ፤ ፒ.ኬ.አር. የተባለው ደግሞ ሕዋሱ ፕሮቲን መሥራቱን እንዲያቆም ያደርጋል። እነዚህ ጠባቂዎች የመጣው ቫይረስ ማን እንደ ሆነ አይጠይቁም፤ ቀደም ሲል እንዳልነው ገመዱን በቅርጹ ያውቁታል። በነፍሳት፣ በትልና በእፅዋት ውስጥ ደግሞ ዳይሰር የሚባል ኤንዛይም ረጅሙን ገመድ 21 ጥንድ ያህል ባላቸው አጫጭር ቁራጮች ይቆርጠዋል፤ ይህም ሁለት ዙር ያህል ነው። ቁራጮቹም ተመሳሳዩን መልእክት እየፈለጉ እንዲጠፋ ያደርጋሉ። አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ ይህን በ1998 በትል ላይ ገልጸው በ2006 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በዚሁ መንገድ የሚሠራ የመጀመሪያው የሰው መድኃኒት፣ ፓቲሲራን የተባለው፣ በ2018 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

የፈረስ በሽታ ቫይረስ እንዴት እንደሚሸሸግ

እንግዲህ የዘር መልእክቱን በእንዲህ ያለ አደገኛ ምልክት የጻፈ ቫይረስ በሕዋስ ውስጥ እንዴት ይኖራል? መልሱ ምልክቱን ከቶ ወደ ውጭ አለማውጣት ነው።

የፈረስ በሽታ ቫይረስ ስፋቱ ከ70 እስከ 80 ናኖሜትር ሲሆን ሦስት ተደራራቢ ቅርፊቶች አሉት። በውስጡ 10 የአር.ኤን.ኤ. ቁራጮች ይገኛሉ፤ ትልቁ ወደ 4,000፣ ትንሹ ከ750 የሚበልጥ የቤዝ ጥንድ አላቸው። ጠቅላላው 19,500 ያህል ጥንድ ነው። ይህን በ0.28 ናኖሜትር ብናባዛው 5,460 ናኖሜትር ይሆናል፤ ማለትም ዐሥሩ ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠሉ ከቫይረሱ ስፋት 70 ጊዜ ያህል ይረዝማሉ። ይህ ሁሉ ጠንካራ ገመድ በጠባቧ ቅርፊት ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ቫይረሱ ወደ ሕዋስ ሲገባ የላይኛውን ቅርፊት ብቻ ያወልቃል፤ የውስጠኛው እንደ ተዘጋ ይቀራል። መልእክቱን የሚገለብጠው ኤንዛይም በውስጥ ስላለ፣ እዚያው ሆኖ ባለ አንድ ክር ግልባጮችን ይሠራል፤ ግልባጮቹም በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ ይወጣሉ። የሕዋሱን ጠባቂዎች የሚያስቆጣው ዋናው ገመድ ግን ከቤት አይወጣም።

ዐሥር ቁራጭ መሆኑ ያመጣው ጣጣ

የላይኛውን ቅርፊት ከሚሠሩት ፕሮቲኖች አንዱ ቪ.ፒ. 2 ይባላል፤ ትእዛዙም የተጻፈው በሁለተኛው ቁራጭ ላይ ነው። የፈረሱ ደም ቫይረሱን የሚያጠፋ ፀረ አካል የሚያበጀው በይበልጥ በዚህ ፕሮቲን ላይ ነው። ቪ.ፒ. 2 ሲለያይ ቫይረሱ ለደሙ ሌላ ጠላት ይሆናል፤ እስካሁን 9 ዓይነቶች ታውቀዋል። አንዱን ዓይነት ታሞ የዳነ ወይም የተከተበ ከብት ከሌላው ዓይነት የግድ አይድንም። ዝምድና ያላቸው ጥንዶች ቢኖሩም፣ ለምሳሌ 6ኛውና 9ኛው፣ 5ኛውና 8ኛው፣ ጥበቃቸው በከፊል ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ሁለት ዓይነት ቫይረሶች በአንድ ከብት ሕዋስ ውስጥ ቢገናኙ ዐሥሩ ቁራጮች እንደ ካርታ ጨዋታ ተበውዘው አዲስ ቫይረስ ሊወጣ ይችላል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ከ2004 እስከ 2014 በደቡብ አፍሪካ ከታዩት ወረርሽኞች መካከል አንዳንዶቹ የደከመ ሕያው ቫይረስ ካለበት ክትባት በተነሡ፣ ኃይላቸው በተመለሰና ቁራጮቻቸው በተቀላቀሉ ቫይረሶች እንደ መጡ በ2016 የታተመ ጥናት ገልጿል። ይህ ማለት ክትባት ይቅር ማለት አይደለም፤ ያለ ክትባት የሚሞተው ከብት እጅግ ይበዛልና። ነገር ግን መቼና በምን እንደሚከተብ በእውቀት መወሰን አለበት።

ነገሩ በአገራችን ምን ይመስላል? በኢትዮጵያ ለብዙ ጊዜ ሲሰጥ የቆየው በደብረ ዘይት፣ ማለት በቢሾፍቱ፣ በብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት የሚሠራው የ9ኛው ዓይነት ክትባት ነው። በ2014 የታተመ ጥናት ግን ከ2007 እስከ 2010 በአገሪቱ ከተነሡት ወረርሽኞች በተሰበሰቡ ናሙናዎች ውስጥ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን፣ 8ኛውንና 9ኛውን ዓይነት አግኝቷል። እንግዲህ አንድ ገበሬ በቅሎውን አስከትቦ ሳለ ብትሞትበት ክትባቱ ውሸት ነው ብሎ ይደመድማል፤ በሚቀጥለው ዓመትም አያስከትብም። ይሁን እንጂ ክትባቱ በ9ኛው ላይ ሥራውን በሚገባ ሠርቶ፣ የገደላት ግን 4ኛው ሊሆን ይችላል። በደቡብ አፍሪካ ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ክትባት ሰባት ዓይነቶችን በሁለት ብልቃጥ የያዘ መሆኑ ከዚህ ችግር የተነሣ ነው።

ደጋና ቆላ

ቫይረሱ ከከብት ወደ ከብት በመነካካት አይተላለፍም። የሚያስተላልፈው ኩሊኮይዲስ የሚባል እጅግ ትንሽ ደም መጣጭ ትንኝ መሆኑን ዱ ቶይት በ1944 አሳየ። ትንኙ በይበልጥ የሚነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ቫይረሱም በትንኙ ሰውነት ውስጥ የሚባዛው ሙቀት ሲኖር ነው፤ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች መባዛቱን ያቆማል። ደባርቅ 2,800 ሜትር ያህል፣ ቡይት ራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለ ሆኑ ብርዱ ራሱ አንድ መከላከያ ነው። ነገር ግን በትንኝ ላይ በተደረገ ሙከራ እንደ ታየው፣ ብርድ ቫይረሱን ሁልጊዜ አይገድለውም፤ ያስተኛዋል እንጂ። ሙቀት ሲመለስ ሊነሣ ይችላል። ደግሞም የስሜን በቅሎ በደጋ ብቻ አትኖርም፤ ጭነት ይዛ በሊማሊሞ ወደ ቆላ ትወርዳለች፣ በዚያም ታድራለች። በደጋ ያደገች በመሆኗ ግን ደሟ ቫይረሱን አስቀድሞ ላያውቀው ይችላል።

ስለዚህ ባለ በቅሎው ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ወደ ቆላ የሚወርድ ከብት ከመውረዱ ብዙ ሳምንታት አስቀድሞ ይከተብ፤ በተለይም ክረምት ሲወጣ ባሉት ወራት ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ወደ በረት ይግባ። ትኩሳት ያደረበት፣ ከዐይኑ በላይ ያለው ጐድጓዳ ያበጠ፣ ወይም ከአፍንጫው አረፋ የሚወጣ ከብት ከተገኘ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር። በዚህ በሽታ የሞተ ከብት ሥጋ ለውሻ አይሰጥ፤ ውሻም በመብላት ይታመማልና።

ማጠቃለያ

ባለ ሁለት ክር አር.ኤን.ኤ. ጠንካራ፣ ሙቀትን የሚቋቋምና በቅርጹ የሚታወቅ ገመድ ነው። ጥንካሬው ቫይረሱን ይጠቅመዋል፤ ቅርጹ ግን ስለሚያጋልጠው በቅርፊት ውስጥ እንዲሸሸግ ያስገድደዋል። በዐሥር መቆራረጡም የዓይነቶቹን መቀላቀል አመቻችቷል።

በአካባቢያችን ያለን ተማሪዎች ከዚህ አንድ ሥራ ልናወጣ እንችላለን። በዛሪማ፣ በደባርቅና በቡይት ራስ በሌሊት የብርሃን ወጥመድ ዘርግቶ ትንኞቹን በየወሩ መቁጠር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከታመመ ከብት ደግሞ ትኩሳቱ ገና ሳለ ደም ወስዶ፣ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ባለበት ጠርሙስ አድርጎ፣ በ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ ወደ ላቦራቶሪ ማድረስ ይቻላል። የዓይነቱ ቁጥር በታወቀ ጊዜ ለባለ በቅሎው ከብቱ ለምን እንደ ሞተች በትክክል መንገር ይቻላል፤ ለክትባት አዘጋጁም በሚመጣው ዓመት የትኛውን ዓይነት ማዘጋጀት እንደሚገባው ማመልከት ይቻላል።